ፋይሎቻችሁን የሚያሳያችሁ ማነው? በሊኑክስ ላይ ፋይል ማኔጀር ስለ መምረጥ

እስቲ በአንድ ጥያቄ እንጀምር። ፍላሻችሁን ኮምፒውተር ላይ ስትሰኩ አንድ መስኮት ይከፈታል። ፎልደሮቹ ተደርድረው፣ ፎቶዎቹ ትንንሽ ሆነው ይታያሉ። ያ መስኮት ምንድን ነው? «ፍላሹ ነዋ!» የሚል አይጠፋም። «ፋይሎቼ ናቸው» የሚልም አለ። ሁለቱም ልክ አይደሉም። መስኮቱ እንደ ሙዚቃ ማጫወቻው፣ እንደ ካልኩሌተሩ ሁሉ ራሱን የቻለ ፕሮግራም ነው። ሥራው በዲስኩ ወይም በፍላሹ ላይ ያለውን አይቶ ለእናንተ ማሳየት፣ ከዚያም ያዘዛችሁትን መቅዳት፣ ማዛወር፣ ማጥፋት ነው። ስሙ ፋይል ማኔጀር ይባላል።

ዊንዶውስ ላይ ያደገ ሰው ይህን ላያስተውል ይችላል። እዚያ ከማሽኑ ጋር የሚመጣው አንድ ነው፣ ሁልጊዜም አለ፣ ማንም «የቱን ትፈልጋለህ?» ብሎ አይጠይቅም። ሊኑክስ ላይ ግን ብዙ ናቸው፤ ምርጫውም የእናንተ ነው። ምርጫ ሲበዛ ደግሞ ግራ መጋባት አለ።

«የፈለገኝን ብጠቀም ምን ለውጥ ያመጣል?» ለሚል ሰው ባኬ ጃማን እንመልከት። ነቀምቴ ላይ አንድ የወለጋ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፉን በላፕቶፑ ይጽፋል፤ ፍላሽ ላይ ይገለብጣል፤ ፎቶኮፒ ቤት ወስዶ ያሳትማል፤ መምህሩ ያረመውን ይዞ ይመለሳል። ጊምቢ ወይም ሻምቡ ካምፓስ ያለ ጓደኛው ደግሞ ፋይሉን ሲፈልግ ያው ፍላሽ መንገድ ይጀምራል። ኢንተርኔት ካለ በቴሌግራም መላክ ይቻላል። ከሌለስ? በ2012 ዓ.ም. አጋማሽ በወለጋ ብዙ አካባቢዎች ኢንተርኔት ለሦስት ወር ገደማ ተቋርጦ ነበር። እንዲህ ባለ ጊዜ ፋይል የሚጓዘው በኪስ ነው። ስለዚህ ፍላሹና ኮምፒውተሩ የሚገናኙበት ያ መስኮት ቀላል ነገር አይደለም። የዓመታት ድካም የሚተርፈውም የሚጠፋውም እዚያ ላይ ነው።

ታዲያ የቱ ይሻላል? መልሱን ከመስጠታችን በፊት መስኮቱ ምን እንደሚያደርግና ምን እንደማያደርግ እንወቅ። ያንን ካወቃችሁ ምርጫው ራሱ ቀላል ይሆናል።

መጋዘኑ፣ መዝገቡና ሰውየው

አንድ የቡና መጋዘን አስቡ። ውስጡ ጆንያዎች አሉ። በር ላይ የትኛው ጆንያ የት እንደተቀመጠ የሚናገር መዝገብ አለ። መዝገቡን ይዞ የሚያስተናግዳችሁ አንድ ሰው ደግሞ አለ። «የትናንቱን ጆንያ አሳየኝ» ስትሉት መዝገቡን አይቶ ያሳያችኋል።

ኮምፒውተርም እንዲሁ ነው። መጋዘኑ ዲስኩ ነው፤ ጆንያዎቹ ፋይሎቹ ናቸው። መዝገቡ ፋይል ሲስተም ይባላል፤ በሊኑክስ ዲስክ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ኤክስት 4 የሚባለው ነው፣ ፍላሽ ላይ ደግሞ ፋት 32፣ ኤክስፋት ወይም ኤንቲኤፍኤስ። ሰውየው ፋይል ማኔጀሩ ነው።

ከዚህ ምሳሌ ሁለት ነገር እናገኛለን። አንደኛ፣ ሰውየውን ብትቀይሩት ጆንያዎቹ ከቦታቸው አይነቃነቁም። አዲስ ፋይል ማኔጀር ብትጭኑ፣ ባትወዱት ደግሞ ብታነሱት፣ አንድም ፋይል አይጠፋባችሁም። ሁለትና ሦስት ባንድ ላይ መጫንም ይቻላል። እንግዲህ ሳትፈሩ ሞክሩ። አንድ ጥንቃቄ ብቻ፦ አዲሱን ጨምሩ እንጂ ከሲስተሙ ጋር የመጣውን ለማጥፋት አትቸኩሉ። ሌሎች የዴስክቶፑ ክፍሎች በእሱ ላይ ተደግፈው ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛ፣ መዝገቡ የማይፈቅደውን ሰውየው ሊፈቅድላችሁ አይችልም። ፋት 32 በሆነ ፍላሽ ላይ ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ አንድ ፋይል አይገባም። የፈለጋችሁትን ፋይል ማኔጀር ብታመጡ አይገባም፤ ክልከላው ያለው መዝገቡ ላይ ነዋ። ብዙ ሰው «ይሄ ፕሮግራም አይሠራም» ብሎ ሰውየውን የሚወቅሰው ችግሩ መዝገቡ ላይ ሆኖ ሳለ ነው።

እነዚህ ሁሉ ከየት መጡ?

በዝርዝሩ ውስጥ የምታዩዋቸው ስሞች ያለ ምክንያት አልበዙም። ከእያንዳንዱ ጀርባ አንድ አለመስማማት አለ።

እ.ኤ.አ. በ1986 ኖርተን ኮማንደር የሚባል ፕሮግራም ስክሪኑን ለሁለት ከፍሎ መጣ፦ ግራው ከየት፣ ቀኙ ወዴት። በ1994 ሜክሲኳዊው ሚጌል ደ ኢካሳ ያንኑ ሐሳብ በነፃ ሶፍትዌር ሠራውና ሚድናይት ኮማንደር አለው። ዛሬም አለ። ሥዕል የለው፣ ማውዝ ባይኖርም ግድ የለው፤ በጽሑፍ ብቻ ይሠራል። ዴስክቶፑ አልነሳ ባለ ማሽን ላይ ፋይል ለማትረፍ ከእሱ የሚሻል ጥቂት ነው።

በ2001 ናውቲለስ ወጣ። የሠራው ኢዘል የሚባል ኩባንያ ሲሆን ከመሥራቾቹ አንዱ የመጀመሪያውን ማኪንቶሽ ከሠሩት ሰዎች አንዱ የሆነው አንዲ ኸርትዝፌልድ ነበር። ኩባንያው መጋቢት ወር ላይ የመጀመሪያውን ሙሉ እትም አውጥቶ ከሁለት ወር ገደማ በኋላ ተዘጋ። ፕሮግራሙ ግን አልሞተም። ኮዱ ነፃ ስለነበር የግኖም ዴስክቶፕ ሠሪዎች ተረክበው ቀጠሉበት። ዛሬ ኡቡንቱ ስትጭኑ «ፋይልስ» ተብሎ የሚመጣው እሱ ነው።

በ2007 ኤክስኤፍሲኢ የሚባለው ቀለል ያለ ዴስክቶፕ ቱናርን ይዞ መጣ። በ2008 ኬዲኢ የተባለው ዴስክቶፕ ዶልፊንን ዋና ፋይል ማኔጀሩ አደረገ። በ2012 ደግሞ ጠብ ተነሳ። የናውቲለስ ሠሪዎች «ይቅለል» ብለው ከነበሩት ነገሮች አንዳንዶቹን አወጡ፤ ከእነሱም አንዱ ስክሪኑን ለሁለት መክፈል ነበር። የሊኑክስ ሚንት ሰዎች ይህን አልወደዱትም። የቀድሞውን ኮድ ቀድተው የራሳቸውን ኒሞ ሠሩ። ከዚያ ትንሽ ቀደም ብሎም ማቴ የተባለው ዴስክቶፕ የድሮውን ናውቲለስ ካኻ በሚል ስም አቆይቶታል። እንግዲህ ናውቲለስ፣ ኒሞና ካኻ የአንድ እናት ልጆች ናቸው። የሚለያያቸው «ለተጠቃሚው ምን እናሳየው፣ ምን እንደብቀው?» የሚለው ጥያቄ ነው።

ይህ ጥያቄ እኛም አገር ደርሶ ነበር። በ2008 ለኢትዮጵያ ተማሪዎች 5,000 ገደማ ኤክስኦ የሚባሉ ትንንሽ አረንጓዴና ነጭ ላፕቶፖች መጥተው ነበር። 256 ሜጋባይት ራም፣ 1 ጊጋባይት ማከማቻ፤ ያ ብቻ። የሚሠሩት በሊኑክስ ነበር፤ ስክሪኑ ላይ የሚታየው ግን ሹገር የተባለ ለልጆች የተሠራ ገጽታ ነው። ሹገር ላይ ፎልደር የሚባል ነገር አይታይም። በፋይል ማኔጀር ፋንታ «ጆርናል» አለ፦ ልጁ የሠራውን ሁሉ በቅደም ተከተል እንደ ቀን ማስታወሻ የሚመዘግብ። ሐሳቡ «ልጅ የት እንዳስቀመጠው ሳይሆን መቼ እንደሠራው ያስታውሳል» የሚል ነው። ጥሩ ሐሳብ ነው፤ ዛሬ ስልኮቻችን ላይ የፎቶ ጋለሪው የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ግን የተደበቀ ነገር ሁሉ ዋጋ አለው። ፎልደር አይቶ የማያውቅ ተማሪ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ «ፋይልህ የት ነው?» ሲባል «ስልኬ ውስጥ» ከማለት ሌላ መልስ አይኖረውም።

ፍላሹ ሲሰካ

አሁን ወደ ፎቶኮፒ ቤቱ እንመለስ። ብዙ ሰው የሚጠቀምበት ኮምፒውተር ላይ ፍላሽ ሰክታችሁ ስታወጡ የምታውቁት በሽታ አለ፦ ሾርትከት ቫይረስ። ፎልደሮቻችሁ ሁሉ ሾርትከት ሆነው ይታያሉ፣ ወይም ፍላሹ ባዶ መስሎ ይከፈታል። ልብ ይሰነጠቃል! ግን ፋይሎቹ ብዙ ጊዜ አልጠፉም። ቫይረሱ ያደረገው እውነተኞቹን ፎልደሮች «የተደበቀ» የሚል የዊንዶውስ ምልክት ሰጥቶ በቦታቸው የውሸት ሾርትከት ማስቀመጥ ነው። ዊንዶውስ ምልክቱን ስለሚያከብር አያሳያችሁም።

ሊኑክስ ላይ የሚደበቅ ነገር የሚታወቀው በሌላ ምልክት ነው፦ ስሙ በነጥብ የሚጀምር ፋይል ይደበቃል። የዊንዶውሱን ምልክት እንደ ትእዛዝ አይቆጥረውም። ስለዚህ ያንኑ ፍላሽ ሊኑክስ ላይ ስትሰኩት እውነተኞቹ ፎልደሮች ከሾርትከቶቹ ጎን ቁጭ ብለው ታገኟቸዋላችሁ። አንዳንዱ ቫይረስ ፋይሎቹን ስም የሌለው በሚመስል ፎልደር ውስጥ ይከታቸዋል፤ እሱንም ክፈቱና እዩ። ከዚያ የምትፈልጉትን ወደ ኮምፒውተሩ ቅዱ፣ መቀዳቱን ከፍታችሁ አረጋግጡ፣ ፍላሹን ፎርማት አድርጉ፣ መልሳችሁ ቅዱ። የድብቅነት ምልክቱ ወደ ሊኑክስ ዲስክ አብሮ ስለማይሻገር ፋይሎቹ ሲመለሱ በዊንዶውስም ላይ ይታያሉ።

ይህ በናውቲለስም በዶልፊንም በቱናርም አንድ ነው። ለዚህ ብሎ አንዱን ከሌላው መምረጥ አያስፈልግም።

ሁለተኛው አደጋ ግን ከቫይረስም የባሰ ነው፣ ምክንያቱም የምናደርገው እኛው ነን። ፋይል ወደ ፍላሽ ስትቀዱ መስመሩ እስከ 100 ይሞላል፤ «አለቀ» ትላላችሁ፤ ትነቅላላችሁ። በእውነት አልቋል እንዴ? ሊኑክስ ፍላሽ ቀርፋፋ መሆኑን ስለሚያውቅ ዳታውን መጀመሪያ ራም ላይ ይቀበልና ቀስ እያለ ወደ ፍላሹ ያወርደዋል። ጆንያው ከመኪና ወርዶ በር ላይ ተቀምጧል፣ ገና መጋዘን አልገባም እንደ ማለት ነው። በዚህ መሀል ፍላሹን ከነቀላችሁ ወይም ባትሪው የሞተ ላፕቶፕ ላይ መብራት ከጠፋ፣ ፎቶኮፒ ቤት ደርሳችሁ የምትከፍቱት ፋይል ግማሽ ወይም ባዶ ይሆናል።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። በግራ በኩል ባለው ዝርዝር ከፍላሹ ስም ጎን ያለችውን የማውጫ ምልክት ተጫኑ፣ «አሁን መንቀል ይቻላል» እስኪላችሁ ጠብቁ። እዚህ ላይ ምርጫ ይገባል። ስትመርጡ ይህችን ምልክት ፈልጉ፦ ሁልጊዜ ትታያለች ወይስ ሜኑ ውስጥ ተደብቃለች? አይናችሁ ስር ያለችውን ታስታውሷታላችሁ፤ የተደበቀችውን ግን ስትቸኩሉ ትረሷታላችሁ።

ሦስተኛው ደግሞ የሚያስቅ ነው። ፍላሹ ላይ ያለውን ሁሉ አጠፋችሁ፤ ምንም አይታይም፤ ግን «ቦታ የለም» ይላል። ለምን? ሊኑክስ ላይ ከፍላሽ የጠፋ ፋይል እዚያው ፍላሹ ላይ፣ በነጥብ በሚጀምር የቆሻሻ ፎልደር ውስጥ ይቀመጣል። «ኮንትሮል» እና «ኤች» አንድ ላይ ስትጫኑ አብዛኞቹ ፋይል ማኔጀሮች የተደበቀውን ያሳያሉ። ፍላሹ እንደተሰካ የቆሻሻ መጣያውን ባዶ አድርጉ፣ ቦታው ይመለሳል።

ስም ሲወጣ፦ ፊደልና ቁቤ

ወለጋ ውስጥ የአንድ ተማሪ ዲስክ ብዙ ጊዜ ሦስት ቋንቋ ይናገራል፦ አፋን ኦሮሞ በቁቤ፣ አማርኛ በፊደል፣ እንግሊዝኛም አለ። ለእኛ ሁሉም ስም ነው። ለኮምፒውተሩ ግን የሚታየው የባይት ቁጥር ነው።

ሊኑክስ ፊደሎችን የሚጽፈው ዩቲኤፍ-8 በሚባለው ዘዴ ነው። በዚህ ዘዴ አንድ የቁቤ ወይም የእንግሊዝኛ ፊደል 1 ባይት ይወስዳል፤ አንድ የግዕዝ ፊደል ደግሞ 3 ባይት። «ወለጋ» በፊደል 3 ሆሄ ነው፣ 9 ባይት። በቁቤ 8 ሆሄ ነው፣ 8 ባይት። እስካሁን እኩል ሊባል ይችላል። ግን ኤክስት 4 ለአንድ የፋይል ስም የሚፈቅደው 255 ባይት ብቻ ነው። ለሦስት ስናካፍለው 85 የግዕዝ ሆሄ ይሆናል፤ ክፍት ቦታዎቹም አንድ አንድ ባይት ይበላሉ።

«85 ሆሄ ማን ይጽፋል?» አትበሉ። አንድ ተማሪ ጥናቱን እንዲህ ብሎ ቢሰይመውስ፦ «በምዕራብ ወለጋ ዞን በጊምቢ ወረዳ የቡና አምራች ገበሬዎች የድህረ ምርት አያያዝና የገበያ ትስስር ሁኔታ የመጨረሻ ረቂቅ ከመምህር አስተያየት በኋላ የተስተካከለ ሁለተኛ ቅጂ»። ቆጥሩት፦ 87 ሆሄ፣ 21 ክፍት ቦታ። በባይት 282። ይህ ስም ፍላሽ ላይ ያለ ችግር ይቀመጣል፣ ምክንያቱም የፍላሾቹ መዝገቦች በሌላ ዘዴ ስለሚቆጥሩ ለእነሱ አንድ ፊደላችን አንድ ነው። ወደ ሊኑክስ ዲስክ ሲቀዳ ግን «ስሙ በጣም ረዝሟል» ተብሎ ይቆማል። ተማሪው ፋይሉ የተበላሸ ይመስለዋል። ፋይሉ ደህና ነው፤ ስሙን ፍላሹ ላይ እያለ አሳጥሩት፣ ከዚያ ቅዱት።

ፍለጋም ላይ አንድ ወጥመድ አለ። የኩምሳ ሞረዳን ቤተ መንግሥት ሄዳችሁ ፎቶ አነሳችሁ እንበል። ፎልደሩን «ኩምሳ ሞረዳ ቤተ መንግሥት» አላችሁት። ከዓመት በኋላ «መንግስት» ብላችሁ ትፈልጋላችሁ። አይገኝም! ለጆሯችን «ሥ» እና «ስ» አንድ ናቸው፤ ለኮምፒውተሩ ግን እንደ «በ» እና «ለ» የተለያዩ ቁጥሮች ናቸው። «ሀ»፣ «ሐ»፣ «ኀ»፤ «አ» እና «ዐ»፤ «ጸ» እና «ፀ» እንዲሁ። ስትፈልጉ ሞክሼ ፊደል የሌለበትን ቁራጭ ጻፉ። ከላይ ባለው ምሳሌ «ሞረዳ» ብላችሁ ብትፈልጉ ወዲያው ይወጣል።

ቅደም ተከተልም አለ። ፋይሎቻችሁን በወር ስም ብትሰይሙ በፊደል ተራ ይሰለፋሉ፦ ሐምሌ መጀመሪያ፣ ከዚያ መስከረም፣ ቀጥሎ መጋቢት። የዓመቱ አቆጣጠር ይተረማመሳል። በዚያ ላይ ፋይል ማኔጀሩ «የተቀየረበት ቀን» ብሎ የሚያሳያችሁ በተለምዶ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው። ስለዚህ በቁጥር ሰይሙ፦ ዓመት፣ ወር፣ ቀን። ኅዳር 15 ቀን 2017 ከሆነ «2017-03-15» በሉት። ጳጉሜም 13 ተብላ በቦታዋ ትቀመጣለች። በ«/» ግን አትለዩት፤ ሊኑክስ ያንን ምልክት የፎልደር መለያ አድርጎ ስለያዘው በስም ውስጥ አይፈቅድም።

ማሽናችሁ ምን ይችላል?

እስካሁን ያየነው ለሁሉም የሚሠራ ነው። ልዩነቱ የሚጀምረው እዚህ ነው።

ፋይል ማኔጀር ማሳየት ብቻ አይደለም ሥራው። ለእያንዳንዱ ፎቶና ቪዲዮ ትንሽ ምስል ያዘጋጃል። ናውቲለስና ዶልፊን ፋይሎቹን ቀድሞ አንብቦ ማውጫ የሚያዘጋጅ ረዳት ፕሮግራም አብሯቸው አለ፤ ፍለጋው በፋይሉ ውስጥ ያለውን ጽሑፍም እንዲያገኝ። አዲስ ማሽን ላይ ይህ ትልቅ ጥቅም ነው። ድሮ በተገዛ፣ ራሙ 4 ጊጋባይት ወይም ከዚያ በታች በሆነ ላፕቶፕ ላይ ግን ማራገቢያው ይጮሃል፣ ባትሪው ይወርዳል። እንዲህ ሲሆን ሁለት ምርጫ አለ፦ ማውጫ ሠሪውንና ትንንሽ ምስሎቹን ከሴቲንግ ማጥፋት፣ ወይም እንደ ቱናርና ፒሲማን-ኤፍኤም ያለ ቀለል ያለ ፋይል ማኔጀር መጠቀም።

የዳታ ጥቅልም መታሰብ አለበት። የሊኑክስ ፕሮግራሞች ሁለት ትልልቅ ቤተሰቦች አሏቸው፦ ጂቲኬ እና ኪውት። ናውቲለስ፣ ኒሞ፣ ካኻና ቱናር ጂቲኬ ናቸው፤ ዶልፊን ኪውት ነው። የሌላውን ቤተሰብ ፕሮግራም ስትጭኑ ዘመዶቹን ሁሉ አስከትሎ ይመጣል። ግኖም ላይ ዶልፊንን መጫን ይቻላል፤ ከትንሹ ፕሮግራም ጋር የሚወርደው የኬዲኢ ጓዝ ግን ጥቅላችሁን ሊጨርስ ይችላል። ዳታ ውድ ከሆነባችሁ ከራሳችሁ ቤተሰብ ምረጡ።

እንግዲህ የቱን?

ሦስት ጥያቄ ራሳችሁን ጠይቁ።

አንደኛ፦ ከፍላሽ ወደ ዲስክ፣ ከዲስክ ወደ ፍላሽ ብዙ ታመላልሳላችሁ? እንግዲያው ስክሪኑን ለሁለት የሚከፍል ያስፈልጋችኋል። ዶልፊን፣ ኒሞ፣ ካኻና አዲሱ ቱናር «ኤፍ 3» ሲጫን ለሁለት ይከፈላሉ። ግራው ፍላሹ፣ ቀኙ ዲስኩ። «የት ነበር የገለበጥኩት?» የሚል ጥያቄ የለም። ናውቲለስ ይህ የለውም፤ ሁለት መስኮት ከፍታችሁ ጎን ለጎን ማድረግ ይኖርባችኋል።

ሁለተኛ፦ ፋይላችሁን የምታገኙት በመፈለግ ነው ወይስ ቦታውን በማወቅ? ናውቲለስ ላይ ፎልደር ከፍታችሁ መጻፍ ስትጀምሩ በውስጡ ያሉትን ፎልደሮች ሁሉ እየገባ ይፈልጋል። ሌሎቹ ላይ አብዛኛውን ጊዜ በዚያ ፊደል ወደሚጀምረው ፋይል ዘለው ይሄዳሉ። የሚረሳ ሰው የመጀመሪያውን ይወዳል፤ ሥርዓት ያለው ሰው ሁለተኛውን።

ሦስተኛ፦ ማሽናችሁስ? አዲስና ጠንካራ ከሆነ ብዙ ነገር ማስተካከል ለሚወድ ዶልፊን፣ ነገር አይብዛብኝ ለሚል ናውቲለስ። መካከለኛ ከሆነ፣ በተለይ ከዊንዶውስ አሁን ለመጣ ሰው፣ ኒሞ እንግዳ አይሆንበትም። አሮጌ ከሆነ ቱናር። ብዙ ፎቶዎችን ባንድ ጊዜ ስም የመቀየሪያ መሣሪያውም ግሩም ነው፤ 200 ፎቶ ላይ «ጊምቢ 001» ብሎ ቁጥር ለመስጠት ከደቂቃ በላይ አይፈጅም። በጣም አሮጌ ከሆነ ፒሲማን-ኤፍኤም።

ሦስቱም ጥያቄ መልስ ከሌለው? ከሲስተማችሁ ጋር በመጣው ቀጥሉ። ምንም አልጎደለባችሁም።

አንድ መሞከሪያ እንስጣችሁ። የማያስፈልጋችሁን ፍላሽ ውሰዱና በምትመርጡት ፋይል ማኔጀር አራት ነገር አድርጉ፦ ረጅም የአማርኛ ስም ያለው ፋይል ቅዱ፤ ፈልጉት፤ አጥፉትና ቦታው መመለሱን እዩ፤ ፍላሹን በደንብ አውጡ። አራቱን ሳትደናገሩ ከሠራችሁ ያ ፋይል ማኔጀር ለእናንተ ነው። ስሙ ምንም ይሁን፣ ጓደኛችሁ የፈለገውን ያድንቅ።

መመረቂያ ጽሑፍ የያዘ ሰው ግን አንድ ነገር ይጨምር። የትኛውም ፋይል ማኔጀር አንድ ብቻ የሆነን ፋይል ከመጥፋት አያድነውም። ፍላሽ ይጠፋል፣ ላፕቶፕ ይወድቃል። ስለዚህ ዛሬ ማታ ሁለተኛ ቅጂ በሌላ ፍላሽ ላይ አድርጉ፤ ከፍታችሁ አረጋግጡ፤ ቤት ለሚቀመጥ ሰው ስጡት።